ያላነበብኩት መግቢያ

ከሶዶ ልወጣ በነበረበት ዋዜማ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። ዳጣውን፣ እርጥቡን የበርበሬ ማባያችንን፣ በሁለት ፌስታል ጠቀለለች፣ ደግሞ በፎጣ፣ ያም አልበቃ ብሏት በሹራቤ። እህቴ ምሕረት በሩን ተደግፋ፣ «ለመሆኑ ቪዛ ያገኘው ልጁ ነው ወይስ ዳጣው?» ትላለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የደበቅኩት ነገር ነበረኝ፤ ከሻንጣው ሥር በደብተር የጻፍኩት ቴአትር አለ፣ እናቴ ደብተሩን እንጂ በውስጡ ያለውን አታውቅም። ቴአትሩ የራሷ ታሪክ ነው።

የእኛን አካባቢ ለማታውቁ ላስረዳ። እናቴ የተወለደችው ሃላሌ አካባቢ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው። በእኛ ዘንድ የሸክላ ሠሪ ማሰሮ ይፈለጋል፣ ልጁ ግን ለጋብቻ አይፈለግም። አባቴ ሲያገባት ዘመዶቹ ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ አንቀርብም አሉ። ሁለቱ ተነሥተው ሶዶ ገቡ፤ ከተማ ነው፣ ጠያቂ የለም። እናቴ ከዚያ በኋላ ጭቃ በእጇ አልነካችም። አገርሽ የት ነው ሲሏት «ኪንዶ ዲዳዬ» ብላ ወረዳውን ብቻ ትጠራና ወሬ ትቀይራለች። አባቴ ሲሞት ነገሩ በእኛ በሦስታችን መካከል ቀረ። ዛሬ ይህ ሁሉ አልፏል ይባላል። ሽማግሌ ሲላክ ግን ዘር መጠየቁ አልቀረም።

ያን ምሽት ደብተሩን አውጥቼ ነገርኳት። ደብተሩን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። በመጨረሻ በወላይትኛ፣ «ጻፈው፤ ስሜንና መንደሬን ግን አታንሣ። ምሕረት ገና አላገባችም» አለችኝ። ማልኩላት።

ሜልቦርን አየር ማረፊያ ዳጣዬን ያገኘው ጓንት ያጠለቀ ወጣት መኮንን ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምግብ።»

«ለምን አረፋ ያወጣል?»

እንግሊዝኛዬ ያኔ አጭር ነበር፤ መብላላቱን የምናገርበት ቃል አልነበረኝም። «አልሞተም» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱ እንደ ፈንጂ ቀስ አድርገው አንሥተው ወሰዱት። ሹራቤን መለሱልኝ፤ ለወራት በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር፣ አላጠብኩትም።

የመጣሁት በተማሪ ቪዛ የምግብ ዝግጅት ልማር ነው። የምኖረው ማቴዎስ ከሚባል የሶዶ ልጅ ጋር ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ስለ አገር ልጅ ሲወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሥራ ያገኘልኝም እሱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ቴአትር ቤት ማጽዳት። እዚህ አየሩ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይለዋወጣል። ሶዶ ቢሆን ዝናብ ከዳሞታ ተራራ ሲነሣ ታየዋለህ፣ ልብስህን ከገመድ ለማንሣት ጊዜ አለህ። እዚህ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ሰዉም እንዲሁ ነው፤ እየሳቀ ያሰናብትሃል፣ መሰናበትህን የምታውቀው ትራም የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ከወጣህ በኋላ ነው።

ቴአትር በወጉ መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ቤት የወረቀት ቆሻሻ ነው። ተዋንያኑ አንብበው የጣሉትን ጽሑፍ ጠርዙን አስተካክዬ ቤት እወስዳለሁ። በእርሳስ የሰረዙትን ሳይ ለምን እንደሰረዙት ሳላውቅ አላድርም። ደብተሬን በዓመት ተኩል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። የመንደሩን ስም አወጣሁ፣ ሰዎቹን በሙሉ ስማቸውን ቀየርኩ፣ ወንዙን እንኳ ሌላ ወንዝ አደረግኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ለዳይሬክተሯ ለሄለን በእጇ ሰጠኋት።

ሄለን ቢሮዋ ውስጥ በባዶ እግሯ የምትሄድ፣ ሁሉንም ሰው «ዳርሊንግ» የምትል ሴት ናት። በሳምንቱ ጠራችኝ።

«ድንቅ ነው፣ ዳርሊንግ። ግን ጀልባው የት አለ?»

«የምን ጀልባ?»

«የመጣህበት።»

«በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። መስኮት አጠገብ ነበርኩ።»

አዘነች። «ረሃብስ?» አለች።

«እንሰት አለን» አልኳት።

ያም ሆኖ ተቀበለችው፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ዴቨሎፕመንት የሚሉት ነገር መጣ። መጀመሪያ ቀን ሰዎች መጥተው ይሰማሉ ስትለኝ ሙሉ ልብስ ከማቴዎስ ተውሼ ሄድኩ። አምስት ተዋንያን ወንበር ላይ ተቀምጠው ወረቀት አነበቡ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ወይን ጠጣ፣ ሄደ። ዋናው ትርዒት መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ «ይህማ ዴቨሎፕመንት ነው፤ ጽሑፉን ገና እናሻሽላለን» አለችኝ። ሁለት ዓመት ዴቨሎፕመንት ሆነ። ሶዶ ወጣት ማዕከል የነበርኩበት የቴአትር ክበባችን ሰኞ ጽፎ ቅዳሜ ያሳያል፤ ወንበሩን ከዕድር ተውሶ፣ ማይኩ ሲጠፋ እየጮኸ።

በመጨረሻ ለመድረክ ተያዘ። የልምምዱ መጀመሪያ ቀን ሄለን ሁላችንንም በክብ አስቀመጠችና እያንዳንዱ ሰው አንድ እውነት ይናገር አለች። ደንቡን ቀድማ ነገረችን፦ «እዚህ ክፍል የተነገረ እዚህ ክፍል ይቀራል።» እኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ እንዲህ ካለ መሐላ ነው። አንዱ ተዋናይ ስለ አባቱ መጠጥ ተናገረ፣ አንዷ አለቀሰች። ተራዬ ሲደርስ፣ ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። እናቴ የማን ልጅ እንደሆነች ከነስሟ፣ ሃላሌ የት እንደሆነች፣ የአባቴ ዘመዶች ምን እንዳሉ። እንባዬ ሲመጣ ሄለን እጄን ያዘች። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ቀሎኝ ነበር።

እዚህ አዲስ ቴአትር ሲወጣ መጽሐፉም አብሮ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ትርዒት ቀን ፎየሩ ላይ፣ መግቢያ አዳራሹ ማለት ነው፣ ይሸጣል። ስለዚህ ተዋንያኑ ገና ሲለማመዱ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ፕሩፍ የሚሉትን የማረሚያ ገጽ ላኩልኝ፤ በሁለት ቀን አርመህ ፈርም አሉኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት። የወጡ ነጠላ ሰረዞችን መለስኩ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ በገጽ አሥራ ሁለት ግራኝ ሆኖ በገጽ አርባ በቀኙ ይጽፍ ነበር፣ አስተካከልኩ።

መግቢያውን ግን አላነበብኩም። የጻፈችው ሄለን ነበረች። አየሁት፣ የመጀመሪያው መስመር ስለ እኔ ምስጋና ነበር፣ ፊቴ ጋለና ገጹን ገልጬ አለፍኩት። እናንተ ይገባችኋል። ትልቅ ሰው ቆሞ ስለ አንተ ሲመሰክር አንገትህን ትደፋለህ እንጂ እንደገና በልልኝ፣ እዚህ ላይ ቀንስልኝ አትልም። የራሱን ምስጋና የሚያርም ሰው ምን ይባላል? በመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ማቴዎስ ሙሉ ልብሱን ራሱ ለብሶ መጣ። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሱ እልል አለ፤ ዞረው አዩት፣ ግድ አልሰጠውም። ፎየር ላይ ሁለት መጽሐፍ ገዛና የመግቢያውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ «የሶዶ ልጅ በሜልቦርን!» ብሎ አገር ልጆች በሙሉ ባሉበት ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ለምን ያንን ገጽ መረጠ? ሃላሌ የሚል ስላየ ነው። በኩራት ነው ያደረገው።

በሦስተኛው ቀን ትራም ውስጥ እያለሁ ምሕረት ደወለች። ሶዶ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ሻንቶ ከተማ ካለ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ካጫት ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«በረከት፣ እማዬ እዚያ መጽሐፍ ላይ ምን ትሠራለች?»

«የለችም። ሁሉንም ቀይሬያለሁ።»

«ስሟ ከነአባቷ አለ። ሃላሌ አለ። አንድ ሰው በአማርኛ ተርጉሞ ከሥሩ ጽፎበታል፣ ለሁላችንም እንዲገባን።»

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ምስጋናው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ገጽ ሙሉ በክብ ተቀምጠን የተናገርኩት፣ ቃል በቃል። እንባዬን እንኳ አልተወችውም። ጠጪው አባት የለም፣ ያለቀሰችው ተዋናይ የለችም። ከዚያ ክፍል የወጣችው የእኔ እናት ብቻ ናት።

«የልጁ አጎት አይቶታል» አለች ምሕረት። «ሽማግሌዎቹ ትናንት መጥተው ነበር። እማዬ ወንበር ስታወጣላቸው ቆመን እንናገር አሉ፤ ጋብቻው ቀርቷል ብለው ሄዱ።»

«እጮኛሽስ ምን አለ?»

«እኔ ራሴ ልነግረው ነበር፣ በረከት። ቀኑን መርጬ ነበር። አሁን ከስልክ አነበበው። ከአንቺ ብሰማው ኖሮ ከእናቴ ጋር እጣላልሽ ነበር አለኝ።»

በማግሥቱ መጥረጊያ ሳልይዝ ሄለን ቢሮ ገባሁ።

«እዚህ ክፍል ይቀራል ብለሽ ነበር» አልኳት።

«ዳርሊንግ፣ ግን እኮ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል እሱ ነው! ሰዎች እያለቀሱ ነው የሚገዙት።»

«የእናቴ ስም ነው።»

«ፕሩፉን ፈርመሃል» አለች፤ ፊቷ እውነትም ግራ ተጋብቷል። «እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ አርመህ! ይህን የምትቃወም ቢሆን አትናገርም ነበር?»

 ምስጋናዬን ማንበብ አፍሬ ነው ብላት የትኛው እንግሊዝኛ ይሸከመዋል? በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን አለች። የተሸጠውስ ስላት፣ የተሸጠው ተሸጧል አለች። ስወጣ ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው፤ እንዳይጮህብኝ።

ማቴዎስ ፎቶውን አጠፋ፣ ሌሎች ግን አስቀምጠውት ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ተሸማቆ ይሄዳል፤ «እኔ ምን ላውቅ? አንተ አንብበኸዋል ብዬ ነው» ይለኛል። በእሱ ልቆጣ እሞክርና አልችልም። በሄለን ግን እችላለሁ። በራሴም።

ቴአትሩ የተያዘለትን ጊዜ ጨረሰ። በመጨረሻው ቀን አልሄድኩም፤ ሶዶ ደወልኩ። እናቴ አነሣች። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ምግብ ጠየቀችኝ፣ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይቅርታ ስላት «በላህ ወይ?» አለችኝ። ደግሜ ስላት ደግማ «በላህ ወይ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ምሕረት ስልኩን ተቀበለቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አላነበብኩትም፣ አላነበውምም። በቴአትሩ ልጅቱ መጨረሻ ላይ ታገባለች?»

«ታገባለች።»

«ቤተሰቦቹ ይመጣሉ?»

«አይመጡም። ግን ታገባለች።»

ከበስተጀርባዋ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፤ አንድ ሰው በወላይትኛ ተሳደበ፣ ሌላው ሳቀ።

«እንዲያ ማግባቷን ሰዉ አመነህ?» አለችኝ።