የሃርላን ቮስ ጉልበት

ባሌ ዌስሊ ክራንዳል ተዋናይ ነው። «የት አይቼው ይሆን?» ብላችሁ አትድከሙ፤ የትም አላያችሁትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ፊልም ላይ ታክሲ ነድቷል፤ የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው። እናቱ ከኦሃዮ ደውላ «ምናለ ፀጉርህን እንኳ ተስተካክለህ ቢሆን!» ብላዋለች።

የቀረውን ዕድሜውን የበላው የኒውዮርኩ የትያትር ሰፈር ብሮድዌይ ነው። እዚያም ተጠባባቂ ነው። ሃርላን ቮስ የሚባለው ዝነኛ ሰውዬ ከታመመ እሱን ተክቶ ሊጫወት፣ ቃሉን ሁሉ አጥንቶ ማታ ማታ ከመድረክ ጀርባ ይቀመጣል። ሃርላን ቮስ ደግሞ አይታመምም! ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት እያነከሰ ይመጣል፣ ያስላል፣ ይጫወታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሄዳል። የኔው ሰውዬ ኩዊንስ ወዳለው ቤታችን በባቡር ይመለሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከእህቴ ልጅ ሠርግ እንኳ ቀረ።

«ሎይስዬ፣ ድንገት ቢያመውስ?»

«ያንን ሰውዬ? አንተን ቀብሮ ነው የሚሞተው!»

በመጨረሻ መረረኝ። ወንድሜ ገስ ትሬንተን ውስጥ ቀለም መሸጫ አለው። «ይሄ ትያትር በወሩ መጨረሻ ሲዘጋ ወይ ገስ ጋ ትገባለህ፣ ወይ እኔ እሄድልሃለሁ» አልኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ። ብቻ አንድ ቀን እንኳ ሰው አይቶኝ ቢሆን...» አለና ተወው። አንጀቴን በላው፤ ፊቴን ግን አልፈታሁለትም።

ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሃርላን ቮስ ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ ጠፋ። ለረቡዕ የቀን ትርኢት ሥራዬን ጥዬ ሮጥኩ። መጋረጃው ሳይከፈት «በዛሬው ትርኢት የሃርላን ቮስን ቦታ ዌስሊ ክራንዳል ይጫወታል» ሲባል አዳራሹ በሙሉ «ኤጭ!» አለ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች።

«ወዴት ነው እመቤት?»

«ገንዘቤን ላስመልስ ነዋ! ማን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ባሌ ነው። ይቀመጡ!»

ተቀመጠች።

ዌስሊ ወጣ። እያነከሰ! ተጠባባቂ መቆሚያውንና መዞሪያውን እንደ ባለቦታው ማድረግ አለበት፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን ተውኔቱ ላይ የሚጫወቱት ሰውዬ ዳኛ ነው፤ ዳኛው ደግሞ አያነክስም፤ የሚያነክሰው ሃርላን ቮስ ነው! ሳሉንም አመጣው፤ ወንበር ተደግፎ ትንፋሽ መሰብሰቡንም አልተወም። «አንተ ሰው፣ የራስህን እግር የት ጣልከው?» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች «ቁርጥ ሃርላን ቮስን!» አለችኝ።

በተዋንያን መውጫ በር ጠበቅኩት። ፊቱ እንዲህ ሲበራ ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁትም።

«ሰማሽ? ልዩነቱ አይታወቅም እኮ ነው የሚሉት! አዘጋጁ ራሱ!»

«ሰማሁ።»

«ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ በንዴት ልፈነዳ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅነው ቀን መጥቶ፣ እሱ ራሱ ቀርቶ ሌላ ሰው ልኮልኛል።

«እንግዲህ ይበቃኛል» አለ ደስ ብሎት። «ቃሌ ቃል ነው፤ ገስ ጋ እገባለሁ።»

ገባም። በመጀመሪያው ቀን ገና ምሳ ሳይደርስ ገስ ደወለልኝ።

«ስሚ እንጂ፣ ባልሽ እግሩን ምን ሆኗል? ቀለም ተሸክሞ ሲያነክስ ደንበኛው ሁሉ ያዝንለታል። ሐኪም ጋ ልውሰደው?»

«አትውሰደው» አልኩት። «ጉልበቱ የሱ አይደለም።»