ከኮርኒሱ የሰቀልኩት ማራገቢያ

ያን ቀን የሠራሁትን ጅልነት ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴው ልናገር። ትልቁን የጣሪያ ማራገቢያ ቆርቆሮውን ከተሸከመው ወፍራም እንጨት፣ ከወራጁ ጋር ማሰር ሲገባኝ ኮርኒሱ ላይ ሰቀልኩት። ኮርኒስ ከቆርቆሮው ሥር የተንጠለጠለ ስስ ጣውላ ነው፤ ራሱን መሸከሙም ይገርመኛል።

ቤቱ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሶማሌ ነጋዴ የጨርቅ ሱቅ ነበር። እኔን ኤሌክትሪሺያኑን ለሥራው ዋስ ሆነው ያመጡኝ ኮርኒሱን የሠሩት ሽማግሌ ኦሮሞ አናጢ ናቸው። ይህ አገር አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣልና የመብራት ሽቦውም ማራገቢያውም ለየብቻ ከወራጁ ይታሰሩ፣ ኮርኒሱ ላይ ክብደት እንዳትጥልብኝ ብለው ጠዋት አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። እሺ በማለት ማን ይችለኛል?

ነገር ግን ከቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ዳቦ ይጋግራል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጫቱ ከአወዳይ ገብቷል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ጫት ከገባ በኋላ የሚሠራ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። አናጢው ለሶላት ሲወጡ ማራገቢያውን በአራት ብሎን ኮርኒሱ ላይ አጣብቄ፣ ሽቦውንም እዚያው አጋድሜ ወረድኩ።

ከጓደኞቼ ጋር ጫት ልንቅም የተቀመጥንበት በርጫ ገና ሳይሞቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩና ዝም አሉ። ጓደኞቼ ባቡሩ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። የነጋዴው እናት ከምሳ በኋላ የሚጋደሙት ልክ ከማራገቢያው ሥር ነበር፤ ንፋሱ እዚህ ይደርስዎታል ብዬ ቦታውን ያሳየኋቸውም እኔው ነኝ። አንድ እግር የራሴን፣ አንድ እግር የሰው ጫማ አጥልቄ ሮጥኩ።

አናጢው ከመስጊድ ቀድመውኝ ደርሰዋል። መሰላሉ ላይ ቆመው በአንድ ወገን የተነቀለውን ማራገቢያ በትከሻቸው ደግፈዋል። ነጋዴው እናቱን ጥግ አስይዟል፤ እሳቸው እንቅልፌን ሰረቃችሁ እያሉ ይቆጣሉ።

“ይህን ማን ነው እንዲህ የሰቀለው?” አለ ነጋዴው።

አፌን ከፈትኩ፤ በጫት ሞልቷል።

“ጥፋቱ የኔ ነው ሐጂ፤ እንጨቱ ቀጭን ነበር” አሉ አናጢው ከላይ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ “አቦ፣ ምን ትገተራለህ? ወፍራሙን ሽቦ አቀብለኝና ወደላይ ውጣ።”

ማራገቢያውን ከወራጁ ጋር በድርብ ሽቦ፣ የመብራት መስመሩንም ለብቻው እስክናስር የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ተሰገደ። አናጢው ስለጥፋቱ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ነጋዴው ግን ቀጥሎ የሚሠራውን የመጋዘኑን ኮርኒስ ለሌላ አናጢ ሰጠ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ የሽማግሌው እጅ ደክሟል እያለ አወራ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሻይ እጠጣ ነበር።

አናጢው ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ነኝ የሰቀልኩት የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ ለነጋዴው አልነገርኩም፤ የሳቸው ዕዳ አለብኝ።