የእትዬ ምድጃ ሲከፈት

ብረት በብረት ሲመታ ስሰማ ግራ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል። ትናንት እዚህ ሰመራ፣ ከቤቴ ማዶ አንድ ሾፌር የመኪናውን ጎማ ሊፈታ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ፣ ድምፁ አዋሽ ድረስ ይዞኝ ሄደ፤ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ።

ያኔም ቢሆን እንደ እኔ ድንጋይ የሚያውቅ አዋሽ ውስጥ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። የፈረሰ ግንብ እያየሁ፣ እንዴት ቆሞ እንደነበር ራሴ ደረስኩበት። ዛሬ ባለዲግሪዎቹ ግድግዳ ሲሰነጠቅባቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በድንጋይ ቤት ምግብ ቤት የነበራት ሴት አስጠራችኝ። ባሏ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። በሕይወት ሳለ፣ ግድግዳው ውስጥ የነበረውን ሰፊ ምድጃ በር ባለው የብረት ምድጃ ደፍኖት ነበር። "እንጨት ይቆጥባል" ብሎ። አፋሮቹ የፍየል ነጋዴዎች ግን ራሳቸው ያረዱትን ሥጋ በእንጨት ሰክተው፣ በነበልባሉ ዙሪያ አቁመው መጥበስ ነው የሚወዱት። ምድጃው ከተዘጋ ወዲህ አንድ በአንድ ቀሩባት።

"ሰባት ዓመት ተጣላሁት" አለችኝ። "ገበያዬን ዘግቶብኝ ሞተ። አውጣልኝ።"

"እትዬ፣ ለምሳ ይደርስልዎታል" አልኳት።

ከድሮ ደንበኞቿ አንዱ፣ አፋር ሽማግሌ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል።

"ትምህርት ቤት ገብተሃል?"

"አልገባሁም።"

"ወላሂ፣ እንግዲያው እኔ ውጭ ልቀመጥ" ብሎ ተነሣ።

ሦስት ጊዜ በመዶሻ መታሁት፤ ብረቱ ተንሸራቶ ወጣ። ኮራሁ። ወዲያው ከምድጃው አፍ በላይ ያለው ረጅም ድንጋይ ጓ አለ፤ አቧራ ወረደብኝ። ግራ ትከሻዬን ከሥሩ ሰገሰግሁ።

"ሐዲድ! ከግቢው የሐዲድ ቁራጭ!" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌውና እትዬ እየጎተቱ አመጡ፤ ከድንጋዩ ሥር አቆምነው።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ። ድንጋዩ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አሮጌ ነው፤ በኖራ ተሞልቷል። በብረቱ ምድጃ አናት ላይ ደግሞ አጭር ወፍራም ብረት ተበይዷል፤ ልክ ስንጥቁ ላይ የሚገጥም። መካኒኩ የሠራው ምድጃ ሳይሆን ምሰሶ ነበር። ይህን ሳላይ መምታቴ በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሁለት ስህተቶች አንዱ ነው።

ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?"



"አልጋሽ የት ነው?" አላት ሽማግሌው።

"ከዚሁ ግድግዳ ጀርባ።"

"ድንጋዩ መሰንጠቁን ብትሰሚ ትተኚ ነበር?"



ሐዲዱን ከድንጋዩ ሥር አጋድሜ፣ ሁለቱን ጫፍ ግንብ ውስጥ ቀብሬ ምድጃውን ከፈትኩላት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጋዴዎቹ መጡ። ጮማው እሳቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሲንጣጣ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"ጭሱ ሽቅብ ነው የሚሄደው፣ አንተ ያልተማርክ!" አለ ሽማግሌው ጀርባዬን እየመታ።

ይህን ትስማልኝ ብዬ እትዬን ፈለግኋት። ጓሮ ነበረች። የብረቱን ምድጃ ጥላ ሥር አስጠግታ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ የታመመ ሰው ፊት እንደሚታጠብ ቀስ እያለች ትጠርገው ነበር።