በወንድሜ ፈንታ የራሴን ስም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ታላቅ ወንድሜ ባረፈ በአርባኛው ቀን ነው። ሳስታውሰው አፍራለሁ። መርሳት ግን አልፈልግም።

እናትና አባት የሉንም። ጎጃም በረንዳ አጠገብ በተከራየናት አንዲት ክፍል ያሳደገኝ፣ ሶማሌ ተራ ሱቅ ተቀጥሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰኝ እሱ ነው። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤት ለጥቂት ቀን ተመላለሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ቤት ውስጥ መብላት ተውኩ። ለአንድ ሰው ብቻ ማቅረብ አልቻልኩም።

ለአርባው ለመደገስ አቅም አልነበረኝም። ቢያንስ ለነዳያን ዳቦ ላድርስ አልኩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለፍትሐቱ የወንድሜን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፌ ለቄሱ ሰጠሁ። ከዚያ ግማሽ ማዳበሪያ ዳቦ ተሸክሜ፣ በገበያው ጋሪዎች መሀል እየተጋፋሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለስኩ።

ነዳያኑ በአጥሩ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ላይ ያሉት እትዬ ዘነበች የሚሏቸው ዓይነ ስውር እናት ናቸው። ዳቦውን ተቀብለው፣

«የማን ነፍስ ነው ልጄ? የክርስትና ስሙን ንገረኝ» አሉኝ።

«ወልደ ሚካኤል» አልኩ።

«ወልደ ሚካኤልን ነፍስ ይማር» አሉ ጮክ ብለው። ተርታው ሁሉ ተቀበላቸው። እኔም ማደሌን ቀጠልኩ።

ማዳበሪያው ባዶ ሲሆን ነው የገባኝ። ወልደ ሚካኤል እኔ ነኝ። ወንድሜ ኃይለ ገብርኤል ነው። እሱን ሞተ ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

 የቀረ ዳቦ የለም። ዝም ብዬ ልሂድ አልኩ። ግን ያ ሁሉ ሰው በልቶ አንዱም የወንድሜን ስም ሳያነሳ ሊቀር ነው። ተመልሼ እትዬ ዘነበች አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነው። የነገርኩዎት የራሴን ስም ነው።»

 ሳቁ።

«እና በቁምህ ቀበርንህ?» ወደ ተርታው ዞሩ። «እናንተ፣ ይሄኛው በሕይወት አለ። የሞተው ሌላ ነው። ምንህ ነበር ልጄ?»

«ወንድሜ። ኃይለ ገብርኤል።»

«አልተሰማም» አለ ክራንች የያዘ ሰውዬ ከወዲያ።

«ኃይለ ገብርኤል። ሞቷል» አልኩ። አለቀስኩ።

ሌላ ዳቦ የጠየቀኝ የለም። ከመጀመሪያው ጀምረው ኃይለ ገብርኤልን ነፍስ ይማር አሉልኝ።

እትዬ ዘነበች ዳቧቸውን ቆረሱ።

«እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም። ግን የእርስዎን አልወስድም።»

«ሰጥተኸኛል አይደል? ከሰጠኸኝ የኔ ነው። እኔም ለወንድምህ ነፍስ መስጠት እችላለሁ። ተቀመጥና ብላ።»

እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ከቀብሩ በኋላ ከሰው ጋር ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁንም የምገባው ወደ ባዶ ክፍል ነው። ያ አልተለወጠም። እግዚአብሔር የወንድሜን ዝክር የተቀበለው ከእኔ ማዳበሪያ ይሁን ከእሳቸው ቁራሽ አላውቅም። ከቁራሹ ይመስለኛል። በየወሩ እሱ ባረፈበት ቀን ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ አራት ብቻ። አድዬ ስጨርስ ከእትዬ ዘነበች ጎን እቀመጣለሁ። ቆርሰው እስኪሰጡኝ እጠብቃለሁ።