ኖር የማይባልባት ጀልባ

ጓደኛዬ እንደ እኔው ታክሲ ነጂ ነበር፤ አንድ ቀን ባለ ጀልባ ሆኖ መጣ። ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። አትላንታ ባሕር የላትም፤ እሱ ግን ለባሕር ዳርቻ ጉዞ የተሠራች አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ከከተማው በስተሰሜን ያለው ሐይቅ ላይ አሰራት። «ሆዷ ሰፊ፣ ከሥሯ ከባድ ብረት ያለባት! ታጋድላለች እንጂ አትገለበጥም» ይለኛል፣ ልክ የወለዳት ይመስል። ውስጧ አልጋም ምድጃም አላት። ክላርክስተን ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ትሻላለች፤ ቅናት አይደለም ደግሞ!

በዚያው ሰሞን የምወዳት ልጅ አባት ከአዲስ አበባ መጡ። ሽማግሌ ብልክባቸው «ልጁን በዓይኔ ሳላይ መልስ አልሰጥም» ብለው ነበር። እኔ ሞኙ፣ ጀልባ ላይ ቢያዩኝ ሰው እመስላለሁ ብዬ አባትና ልጅን ይዤ ሄድኩ።

ጓደኛዬ «ሪላክስ አድርግ» ብሎ መሪውን አስጨበጠኝ። መሪ የሚለው ረጅም እንጨት ነው፤ ወደ ቀኝ ስትገፋው ጀልባዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ለሾፌር ይኼ ግፍ ነው! ቢሆንም ለመድኩት። ነፋሱ ሸራውን ሞላው፤ ጀልባዋ ጋደል አለችና እዚያው ላይ ጸናች። አባትየው ውስጥ ገብተው አረፍ አሉ። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ድንገት አባትየው ከታች ብቅ አሉ። መቼም አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም፤ መሪውን ለቅቄ ብድግ!

«ኖር!»

«በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ሸራው ተርገበገበ፤ ሸራው የታሰረበት አግዳሚ ብረት ሽው ብሎ መጣ። ልጅቷ ጎንበስ ባትል ኖሮ ግንባሯን ባገኛት ነበር። ጓደኛዬ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ።

«ተቀመጥ አንተ! ደግነቱ ይቺ ጀልባ መሪዋን ስትለቅባት ራሷ ዞራ ትቆማለች። ሌላ ጀልባ ብትሆን ጉድ ፈልቶ ነበር!»

አባትየው ተመልሰው ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። ልጅቷም ፊቷን አዞረችብኝ። ጀልባዋን እንደምንም አስተካክለን ጉዟችንን ቀጠልን።

አባትየው ጥቂት ቆይተው እንደገና ብቅ አሉ። ወይ ፈተና! ጉልበቴ ልነሣ ልነሣ ይላል፤ እንጨቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ቁጭ አልኩ። አፈጠጡብኝ።

«ኖር የለም እንዴ?»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ መሪ ይዣለሁ።»

ቀስ ብለው ልጃቸው ጎን ተቀመጡና ወደ እሷ ዞሩ።

«አግቢው» አሏት። «አንዴ ለቆሻል፤ ከእንግዲህ ግን ለእኔም ብሎ አይለቅሽም።»