ለሐረር ተነስተን ዶሮ ማነቂያ

በደርግ ዘመን፣ ገና ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለሁ፣ «የአካባቢ ጥናት» የሚባል ፕሮግራም እንዳቋቁም ታዘዝኩ። ሥራው የተሰጠኝ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩ ነው። ያኔ ኃላፊነት የሚጣለው ወይ ብዙ በሚያወራው ላይ፣ ወይ በቀረው ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ የምር መስሎኝ ተነሳሁ። ተማሪ ከመጽሐፍ ቀና ብሎ የአገሩን ሰው፣ ገበያውንና ቋንቋውን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት አለበት ብዬ ጻፍኩ። ለመጀመሪያው ጉዞ ሐረርን መረጥኩ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ሩቅ አገር ሲባል የሚያውቁት ደብረ ዘይትን ስለነበር፣ ወሬውን ገና ሰምተው ሳይጨርሱ ሻንጣ መዋስ ጀመሩ።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት የግድ ነበር። ማመልከቻዬን ይዤ የዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ኃላፊ ዘንድ ቀረብኩ። አገላብጦ አየውና መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ መምህር፣ የፕሮግራሙ ስም ማን ነው ያልከኝ?»

«የአካባቢ ጥናት።»

«ታዲያ ሐረር አካባቢ ነው?»

«ጓድ፣ አካባቢ ስንል እኮ...»

«አካባቢ ማለት ቅርብ ማለት ነው። ቤትህ የት ነው?»

«እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ።»

«በቃ፣ እሱን አጥናዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሐረርን ሰርዞ ዶሮ ማነቂያ ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። ሳይንስ እንዲህ በአንድ ጭረት ሲያድግ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጉዞው ቀን አውቶቡስ አላስፈለገንም። በአፍንጮ በር አድርገን በእግራችን ወረድን። አንዱ ተማሪ ግን ለሐረር መንገድ በረሃ የተዋሰውን ኮዳ ሞልቶ መጥቷል፤ ተውሶ ሳይጠቀምበት መመለስ አሳዝኖት ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ሰፈሩ ስንገባ ጉድ ፈላ። ለብሔራዊ ውትድርና መዝጋቢ የመጣ መስሏቸው፣ ወጣት ወንድ የተባለ ሁሉ እንደ ጉም ተነነ። በሮች ተራ በተራ ተጠረቀሙ። ቤት ያከራዩኝ እማማ እንኳ በራቸውን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ።

«አንተም ከነሱ ጋር ነህ? እኔ መምህር ነው ብዬ ነበር ቤቴን የሰጠሁህ!»

«እማማ፣ ጥናት ነው።»

«አዎ፣ ሁሉም ሲጀምር ጥናት ነው» ብለው ዘጉት።

ከተማሪዎቼ መሃል አንዲት ምላሰ ምላጭ የአራዳ ልጅ ነበረች።

«መምህር፣ ወረቀቱን ይደብቁት። መዝጋቢ መስለን መጥተን ማን በር ይክፈትልን?» አለችኝ።

ወረቀቱ ኪስ ገባ። እሷም የእማማን በር አንኳኩታ፣ «እማማ፣ እርስዎ አገርዎ የት ነው?» አለቻቸው። ሌላ ምንም አልጨመረች።

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ በሩን ከፈቱና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በልጅነታቸው ከአክሱም በጭነት መኪና ተጭነው፣ ጆንያ ላይ ተኝተው እንደመጡ ነገሩን። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አሁንማ መንገዱም በጦርነት ተዘጋ። የእህቴን ሞት የሰማሁት ተቀብራ፣ ተዝካሯ ወጥቶ ነው።»

ማንም አልጻፈም። ባለኮዳው ተነስቶ ውሃ ቀዳላቸው፤ ጠጡና መረቁት።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ። አንዱ ከጉራጌ፣ አንዷ ከወለጋ፣ ሌላው ከጎጃም፤ ሁሉም የመጣበትን መንገድ ሊነግረን ተሻማ። የጠፉትም ወጣቶች ከየቆርቆሮው ኋላ ወጥተው የአባቶቻቸውን ወሬ ያርሙ ጀመር። የሐረር ሰው ግን ፈልገን አጣን። ጓድ ኃላፊው በዚያም በኩል ሳይከለክል አልቀረም።

ዓመቱ ሲያልቅ ኃላፊው በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ምሁር ወደ ሰፊው ሕዝብ እንዲወርድ ያደረገው የራሱ አርቆ አሳቢነት መሆኑን አበሰረ። እኛም አጨበጨብን፤ ማጨብጨቡን ማንም ሳያስጠናን እናውቅበት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ተመዝጋቢው ክፍል ሞልቶ ተረፈ። ደረቴን ነፍቼ ስገባ ያቺው የአራዳ ልጅ ጠጋ አለችኝ።

«መምህር፣ እንዳይከፋዎት። ልጆቹ የተመዘገቡት ጉዞው ፒያሳ ሲኒማ ቤት በር ላይ ስለሚያልቅ ነው።»

አልከፋኝም። ከሰፈር በተመለስን ቁጥር ጊዮርጊስ አጠገብ ያለ ኬክ ቤት እንገባ ነበር። ባንኮኒውን ከበን፣ ማኪያቶ ለሁለት ለሁለት እየተካፈልን፣ ማን ከየት መጣ፣ ለምን መጣ እያልን እንጨቃጨቅ ነበር። ከዚያ የተሻለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም፤ የሚያልቀውም አሳላፊው «ወይ ጨምሩ ወይ ውጡ» ሲለን ነበር።