የጠጅ ጣይዋ ፊት መቅላት

የሺዓለም ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የአንድ ደጃዝማች ቤት ጠጅ ጣይ ነበረች። የጠጅ ቤቱ ቁልፍ ከመቀነቷ ላይ ከታሰረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስትተኛም አትፈታውም። ልንካው ያለ ሰው ካለ ምላሷን ቀምሶ ይመለሳል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጉድ መጣባት። ቆማ ስታወራ ድንገት ከደረቷ እሳት ይነሳና አንገቷን አልፎ ፊቷ ላይ ይወጣል። ጉንጯ በርበሬ ይመስላል። ነጠላዋን ገፍፋ ታራግባለች፣ ላቧ ይንቆረቆራል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይበርዳታል። የግቢው ሴቶች በዐይን ተጠቃቀሱ። የቤቱ አዛዥ፣ ከተማ የሚባለው፣ ግን በጥቅሻ የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ግቢው መሐል ቆሞ ጮኸ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የጌታዬን ጠጅ በጋን እየጨለጥሽ ነው! ወይ ከሐኪም ወረቀት አምጪ፣ ወይ ቁልፉን ፍቺ!»

የሺዓለም ያንን ቁልፍ ካጣች ሌላ ቤት የላትም። በማግስቱ አዳነችን አስከትላ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች።

አዳነች ማን ናት? ግቢው የሚያውቃት የየሺዓለም ታናሽ እህት ተብላ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጇ ናት። የሺዓለም የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት በክፉ ቀን፣ በዚያ በታላቁ ረሃብ ዘመን፣ ገና በልጅነቷ ወለደች፤ ባሏንም ረሃቡ ወሰደባት። አዲስ አበባ ስትመጣ ልጅ ያላትን ሴት ጓዳ የሚያስገባ አጣችና «ይቺ እህቴ ናት» አለች። ውሸቱ እንደ ጠጁ ውሎ ባደረ ቁጥር እየጠነከረ ሄደ። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «የክፉ ቀን ልጅ ነኝ» ትላለች፤ የልጇን ዕድሜ ሙልጭ አድርጋ ወስዳለች ማለት ነው። ለምስኪኗ አዳነች የሚተርፍ ዓመት ስላልነበረ ሽበት እየነቀለች ሃያ አምስት ላይ እንድትቆም ተፈረደባት።

ሐኪም ቤቱ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ነበር። ፈረንጁ ሐኪም አማርኛ ስለማያውቅ ለየሕመሙ ቁጥር አውጥቷል። ጸሐፊው ደበሳይ በር ላይ ተቀምጦ በሽተኛውን ይጠይቅና ቁጥሩን ይጽፋል፤ ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ይመረምራል። ፊት መቅላት ብቻውን ሦስት ቁጥር ነበረው። ትኩሳት ካለ አሥራ ስድስት፣ ከመጠጥ ከሆነ አሥራ ሰባት፣ የወር አበባዋ ሊቋረጥ የተቃረበ ሴት ከሆነች አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንትን ከአርባ አምስት ዓመት በታች ላለች ሴት እንዳይጽፍ ደበሳይ በጥብቅ ታዟል። ችግሩ ደበሳይ የቤተ ክህነት ተማሪ ስለነበረ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ሳያነበንብ ብዕሩ አይሄድለትም። ሰው ሁሉ የሰው በሽታ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

«ፊት መቅላት!» አለ ደበሳይ በዜማ። «ትኩሳት የለም! እሜቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«የክፉ ቀን ልጅ ነኝ።»

«ሠላሳ አምስት!» ደበሳይ ጠጋ ብሎ አሸተታት። «ጌሾ ጌሾ ይሸታሉ።»

«ጠጅ ጣይ ነኝ፤ ታዲያ ሽቶ ልሽተት?»

«እንግዲህ አሥራ ሰባት ነው። ከመጠጥ የመ...»

«ቆይ!» የሺዓለም ብዕሩን ያዘችበት። ወረፋ የያዘው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። መልአከ ሞት ቢጠይቃት የማትነግረውን ነገር አሁን ለዚህ ሁሉ ወሬኛ ልትነግር ነው። «በክፉ ቀን... አራስ ነበርኩ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ደበሳይ ግን አልሳቀም። «ትናንት አንዲት ጠጪ እንዲሁ ዕድሜዋን ቆልላ አታለለችኝና ሐኪሙ ተቆጣኝ። ምስክር አለዎት?»

የሺዓለም ዞር ብላ አዳነችን አየቻት። ተናገሪ ለማለት አፍ አልነበራትም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም በይ ስትላት ኖራ በምን አንደበቷ?

የአዳነች ሆድ ቂም ይዞ ነበር፤ እንዴት አይይዝ! ቢሆንም ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና «እናቴ ናት» አለች። «የክፉ ቀን ልጇ እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስቱ የኔ ነው፣ ለኔ ይጻፍልኝ።»

የየሺዓለም ፊት ቀላ። ይህኛው ከደረቷ የተነሳ እሳት አልነበረም፤ ዕንባዋም አብሮ መጣ። ደበሳይ ቀና ብሎ አያትና «ለዚህኛው እንኳ ቁጥር የለኝም» ብሎ አሥራ ስምንትን እያዜመ ጻፈ። ሐኪሙ መርምሯት ፈረመበት፤ ደበሳይም የቁጥሩን ትርጉም፣ ዕድሜዋንና አንዲት ምስክር መቅረቧን ከሥሩ በአማርኛ ጻፈበት።

አዛዥ ከተማ ወረቀቱን ግቢው መሐል አስነበበ። ዕድሜዋን ሲሰማ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ።

«በይ እሺ፣ አሮጊት ነሽ እንጂ ሰካራም አይደለሽም። ለመሆኑ ምስክርሽ ማን ናት?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የምስክሯ ስም አልተጻፈም።

«ልጄ ናት» አለች የሺዓለም።

አዛዡ የእናትና የልጅን አንድ ዓይነት አፍንጫ አፈራርቆ አየ። «እሱንማ የዛሬ ሃያ ዓመትም አይተነዋል» አለ። «ሂጂ ጠጅሽን ጣዪ።»

ወዲያው እሳቱ ደግሞ ተነሳባት። የሺዓለም ነጠላዋን ገፈፈች፣ ከመቀነቷ ቁልፉን ፈታችና ለአዳነች ዘረጋችላት።

«እንቺ፣ ሄደሽ ክፈቺልኝ ልጄ። እኔ ነድጃለሁ።»